ከጨርቅ ነጋዴ እስከ ጭላሎ ግርጌ፦ «ባጃጅ» እና «አባዱላ» የተባሉ ስሞች ታሪክ

በኢትዮጵያ የስም ሥርዓት ውስጥ የቤተሰብ ስም የሚባለው፣ ማለትም ከአያት ወደ አባት፣ ከአባትም ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርደው የጋራ መጠሪያ፣ ቦታ አግኝቶ አያውቅም። ልጅ ሲወለድ የራሱ ስም ይወጣለታል፣ የአባቱ ስም ይከተለዋል፤ እርሱም በተራው ሲወልድ የአባቱ ስም ወደ ሦስተኛው ቦታ ይሸሻል፣ በቀጣዩ ትውልድም ከናካቴው ከወረቀት ይወርዳል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ስለነበሩ፣ በ32ኛው አንቀጹ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የተጸውዖ ስምና የአባት ስም እንደሚኖረው ቢደነግግም፣ ሕዝቡ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ልማዱን ስላልተወ ድንጋጌው በሕግ መጽሐፉ ገጽ ላይ ቀርቷል። በአርሲ ደጋማ አገርም የዘር ሐረግ የሚታወቀው በጎሳ ነው፤ የአርሲ ኦሮሞ ራሱን ሲኮና ማንዶ ከሚባሉት ሁለት ታላላቅ ወገኖች በአንዱ ውስጥ ያስቀምጥና ከዚያ ወደ ታች ጎሳውን፣ ንዑስ ጎሳውንና አባቶቹን በቃሉ ይቆጥራል እንጂ ሁሉንም የሚያስተሳስር አንድ የተጻፈ ስም ከስሙ ኋላ አያስከትልም።

እንዲህ ባለ አገር፣ በአሰላ ከተማ ከማለዳ እስከ ምሽት በልጅና በአዋቂ አፍ ከሚመላለሱት ቃላት አንዱ የአንድ ሩቅ አገር ቤተሰብ ስም መሆኑ ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ ነው። ቃሉ «ባጃጅ» ነው። ለአሰላ ሰው ባጃጅ ማለት ሦስት ጎማ ያላት፣ በብስክሌት እጀታ የምትነዳ፣ ከኋላ ሦስት ሰው የምታስቀምጥ ትንሽ ተሽከርካሪ ናት፤ በህንድ አገር ግን ባጃጅ ማለት አስቀድሞ ሰው ነው፣ ከሰውም በፊት ሥራ ነበረ።

የቃሉ ምንጭ ዐረብኛ ነው። በዐረብኛ «በዝ» ጨርቅ ማለት ሲሆን «በዛዝ» ደግሞ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ይህ የሥራ መጠሪያ በፋርስኛ በኩል ወደ ሰሜን ህንድ ገበያዎች ከገባ በኋላ፣ የ«ዘ» ድምፅ በአካባቢው ልሳኖች ዘንድ እንግዳ ስለነበረ በ«ጀ» ተተክቶ «ባጃጅ» ሆነ። በህንድ እንደ ሌሎች ብዙ አገሮች ሁሉ የአባት ሥራ የልጅ ስም ሆኖ ይቀር ስለነበር፣ ጨርቅ ሻጭ የነበሩ አባቶች ልጆች፣ አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ እህል ቢነግዱም ገንዘብ ቢያበድሩም፣ ባጃጅ እየተባሉ ቀጠሉ። ስሙ በፑንጃብ ሂንዱዎችና ሲኮች ዘንድም፣ በራጃስታን ነጋዴ ወገኖች ዘንድም ይገኛል። ከእነዚህ የመጨረሻዎቹ መካከል ማርዋሪ የሚባሉት፣ ከትውልድ አገራቸው ደረቅ ምድር ወጥተው በመላው ህንድ በንግድ የተበተኑት ሰዎች፣ በእኛ ታሪክ ከጉራጌ ነጋዴዎች ጋር ሊመሳሰሉ የሚችሉ ናቸው።

የተሽከርካሪው ስም የተገኘው ከማርዋሪዎቹ ነው። ጃምናላል የተባለው ልጅ እ.ኤ.አ. በ1889 በራጃስታን ሲካር አካባቢ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ፤ በመካከለኛው ህንድ ዋርዳ በምትባል ከተማ ይኖር የነበረው ሀብታሙ ነጋዴ ባችራጅ እንደ ልጅ ልጁ አድርጎ በጉዲፈቻ ወሰደው፣ የባጃጅን ቤት ንብረትም አወረሰው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ስሙ በአሰላ ጎዳና የሚጠራው ቤት ውርስ ወደ ጃምናላል የደረሰው በማደጎ ነው። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የገባና በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጥብቅ ሥርዓት ያለው ልማድ መጠሪያ እንደመሆኑ፣ የአርሲ ሽማግሌ የዚህን ውርስ ታሪክ ቢሰማ የሚያስገርመው ነገር አይኖርም፤ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ የቤቱ ልጅ ነው፣ ስሙም የቤቱ ስም ነው።

ጃምናላል ባጃጅ ካደገ በኋላ የማኅተመ ጋንዲ የቅርብ ሰው ሆነ፤ ጋንዲም እንደ አምስተኛ ልጁ ይቆጥረው ነበር። እንግሊዞች የሰጡትን የክብር ማዕረግ እ.ኤ.አ. በ1921 መልሶ፣ የውጭ አገር ጨርቅ እንዳይለበስና በእጅ የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ «ካዲ» የተባለ ጨርቅ እንዲለበስ በተደረገው ዘመቻ ውስጥ ግንባር ቀደም ሆኖ ሠራ። ስሙ ጨርቅ ሻጭ ማለት የሆነው ሰው የአገሩን ነጻነት በጨርቅ በኩል መፈለጉ በአጋጣሚ የሆነ ቢሆንም፣ የስሙን ጥንታዊ ትርጉም ለሚያውቅ አንባቢ ልብ የሚነካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 የመሠረተው የንግድ ድርጅት ከእርሱ በኋላ ተስፋፋ፤ እርሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1942 ሲሞት ግን በስሙ አንድም ሞተር አልተሠራም ነበር። ወራሾቹ እ.ኤ.አ. በ1945 ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪዎችን ከውጭ እያስገባ የሚሸጥ ኩባንያ አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በአገር ውስጥ ለማምረት የመንግሥት ፈቃድ አግኝተው ከጣሊያኑ ፒያጆ ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ፣ በዓመቱም ድርጅቱ አክሲዮን ለሕዝብ የሸጠ ኩባንያ ሆነ።

ተሽከርካሪዋ ራሷ ከስሟ የተለየ የዘር ሐረግ አላት። አንደኛው ወገኗ ከጃፓን ይነሣል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በዚያ አገር «ጂንሪኪሻ» የተባለ፣ ትርጉሙም በሰው ጉልበት የሚሄድ ጋሪ የሆነ፣ ባለ ሁለት ጎማ መጓጓዣ ተሠርቶ ወደ ህንድ ተሻገረ፣ ስሙም አጥሮ «ሪክሾ» ሆነ። ሁለተኛው ወገኗ ጣሊያናዊ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና የመግዛት አቅም ላጣው ሕዝብ ቬስፓን፣ ማለትም «ተርብ» የተባለውን ሞተር ሳይክል፣ የነደፈው መሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ «ንብ» የሚል ስም የተሰጣትን ባለ ሦስት ጎማ ጭነት ተሽከርካሪ ሠራ። የህንዱ ኩባንያ የጣሊያኗን ንብ ከጃፓኑ ሪክሾ አገልግሎት ጋር አጋባት። በኢትዮጵያ በብዛት የገባው ዓይነት ሞተሩ ከተሳፋሪው ወንበር ኋላ የተቀመጠ፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና 200 ሲሲ የሚጠጋ የሞተር ይዘት ያለው ነው።

በህንድ ይህችን ተሽከርካሪ ባጃጅ ብሎ የሚጠራት የለም፤ «አውቶ» ይሏታል፣ ምክንያቱም በዚያ አገር ባጃጅ የሰው ስም መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ አስተማሪ ሊሆን ይችላል። በታይላንድ «ቱክቱክ» ከሞተሩ ድምፅ የተወሰደ ስም ነው፣ ኬንያውያንም ይህንኑ ይዘዋል። የቤተሰቡን ስም ለተሽከርካሪዋ የሰጡት ስሙን የማያውቁት አገሮች ናቸው፦ በኢንዶኔዥያ ዋና ከተማ በጃካርታ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባጃጅ ተብላለች፣ በታንዛኒያ «ባጃጂ» ሆናለች፣ በኢትዮጵያም ባጃጅ። እነዚህ ሕዝቦች እርስ በርስ ሳይነጋገሩ አንድ ውሳኔ ላይ የደረሱት በተሽከርካሪዋ ፊት ላይ የተጻፈውን አንብበው ነው።

በኢትዮጵያ ባጃጅ የተስፋፋችው በተለይ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ከአዲስ አበባ ይልቅ አስቀድሞ በክፍለ ሀገር ከተሞች ሥር ሰደደች። አሰላ ለእንዲህ ያለ ተሽከርካሪ የተመቸች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ ከአዳማ ወደ በቆጂ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ተዘርግታለች፤ ትላልቆቹ መኪናዎች አውራውን ጎዳና ይዘው ሲያልፉ ከጎዳናው ወደ ሰፈሮቹ የሚገቡት አቀበታማ መንገዶች ግን የሚያገለግላቸው ሌላ ነገር ይሻሉ።

ያ ሌላ ነገር ቀድሞ ጋሪ ነበር። አርሲ የፈረስ አገር ነው፤ በዓሉም ሰርጉም ለቅሶውም ያለ ፈረስ አይደምቅም ነበር፣ ደጋው ሣርና ገብስ ስለማያጣ ፈረስ ማርባት ቆላ ላይ እንደሚያስቸግረው አላስቸገረም። በከተሞቹ ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ የዚያው የደጋው ፈረስ ነው። «ጋሪ» የሚለው ቃልም፣ ብዙ ሰው ልብ ባይለውም፣ የህንድ ቃል ነው፤ በሂንዲ ማንኛውም በጎማ የሚሄድ ነገር ጋሪ ይባላል፣ በስዋሂሊም ቃሉ መኪናን ይጠራል። በኦሮምኛ ደግሞ «ጋሪ» ጥሩ ማለት ስለሆነ ቃሉ በአርሲ ጆሮ እንግዳ መስሎ አልተሰማም። እንግዲህ በአሰላ ሰፈሮች ፈረሱን በሞተር የተካው ለውጥ በቃላት ዘንድ ሲታይ ከአንድ የህንድ ቃል ወደ ሌላ የህንድ ቃል የተደረገ ሽግግር ነው።

ባጃጅ በአማርኛ ውስጥ እንደ ሰው ስም ሳይሆን እንደ ማንኛውም የቤት ዕቃ ስም መርባት መቻሏ የስሙን ፍጹም መለወጥ ያሳያል። የሰው ስም በብዙ ቁጥር አይረባም፤ ባጃጅ ግን ባጃጆች ትባላለች፣ ባለንብረቱ ባለባጃጅ ነው፣ ስትቆላመጥ ባጃጇ ናት፤ በኦሮምኛም «ባጃጂ» ተብላ በቋንቋው ልማድ በአናባቢ ትጨርሳለች። ሙሉውን ተሽከርካሪ ለብቻው የተከራየ ሰው «ኮንትራት» ሄደ ይባላል፣ ተሳፋሪ እየለቀመ የሚሄደው ግን በተወሰነለት መስመር ይመላለሳል። ከሁሉ በላይ የሚያሳምነው ማስረጃ ሌላ ነው፦ በዚያው በህንድ የተሠራችውና የተወዳዳሪው የቲቪኤስ ኩባንያ ምርት የሆነችው ባለ ሦስት ጎማም በኢትዮጵያ ባጃጅ ናት። ቲቪኤስ የሚሉት ሦስት ፊደላት ደግሞ የመሥራቹ የቲ. ቪ. ሰንዳራም አየንጋር ስም መነሻዎች ስለሆኑ፣ የአንድ ህንዳዊ ቤተሰብ ስም በሌላው ህንዳዊ ቤተሰብ ተሽከርካሪ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው፤ በትውልድ አገራቸው ሊታሰብ የማይችል ነገር ነው።

ለምን ይህ ሆነ የሚለውን ለመመለስ አርሲን ራሱን መመልከት ይበቃል። የጭላሎ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው ካዱ፣ ማለትም የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ የሠራበት ምድር ስለሆነና ስንዴና ገብስ በሰፊው ስለሚታረስበት፣ ከአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ቀድሞ ትራክተርና ኮምባይነር አይቷል። እነዚያ መሣሪያዎችም የቤተሰብ ስሞችን ተሸክመው ነው የመጡት፦ ማሲና ፈርጉሰን የሁለት ሰዎች ስሞች ናቸው፣ ጆን ዲር እ.ኤ.አ. በ1837 የብረት ማረሻ የሠራ አሜሪካዊ አንጥረኛ ነበር፣ በአጨዳ ወራት በአርሲ ማሳ ላይ የሚታየው ክላስም የጀርመን ወንድማማቾች ስም ነው። ሆኖም ከእነዚህ አንዱም የመሣሪያው አጠቃላይ ስም አልሆነም፤ ገበሬው ትራክተር፣ ኮምባይነር ይላል። ምክንያቱ መሣሪያዎቹ የራሳቸውን መጠሪያ ይዘው መምጣታቸው ነው። ባጃጅ ስትመጣ ግን በአማርኛ የሚጠብቃት ቃል አልነበረም፤ መሥሪያ ቤቶች የሚጽፉት «ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ» የሚለው ሐረግ ዝናብ እየመታው መንገድ ዳር ቆሞ ለሚጣራ ሰው አይመችም። የልብስ ስፌት መኪናዋ ሲንጀርም እንዲሁ ነበረች፤ የአይዛክ ሲንገር የቤተሰብ ስም በልብስ ሰፊዎች ዘንድ የመኪናዋ ስም ሆኖ የቀረው ከእርሷ በፊት ልብስ የሚሰፋው በእጅ መርፌ ስለነበረ ነው።

በዚያው በአሰላ መናኸሪያ፣ ረዳቶች «አዳማ! አዳማ!» እያሉ በሚጣሩበት ግቢ፣ ተቃራኒውን መንገድ የተጓዘ ሌላ ስም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ገበያ ላይ የዋለው የቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ «አባዱላ» ይባላል። እዚህ የውጭ አገሩ የቤተሰብ ስም ተሸንፏል፤ ቶዮታ የመጣው ቶዮዳ ከሚለው የጃፓን ቤተሰብ ስም ሲሆን ትርጉሙ ለም የሩዝ ማሳ ማለት ነው፣ የቤተሰቡም ስመ ጥር አባት ሳኪቺ ቶዮዳ ሀብቱን ያገኘው መኪና በመሥራት ሳይሆን የሽመና መሣሪያ በመፈልሰፍ ነበር። ስለዚህ የአሰላን ሰው ሰፈር ለሰፈር የምታደርሰውም፣ ወደ አዳማ የሚወስደውም፣ በስማቸው ሥር የተቀበረ የጨርቅ ታሪክ አላቸው።

አባዱላ የሚለው ስም በሕዝብ ዘንድ የሚያያዘው እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት፣ ከዚያም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ከነበሩት ከአቶ አባዱላ ገመዳ ጋር ነው። ስሙ ግን ከእርሳቸው እጅግ የቀደመ ማዕረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት፣ አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 በግእዝ እንደመዘገቡትም ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍበት ሥርዓት፣ ከዋናው መሪ ከአባ ገዳው ጋር የተለያዩ ኃላፊነቶችን የያዙ ሹማምንት አሉት፤ አባ ዱላ የጦርነቱ መሪ ነው። በኦሮምኛ «አባ» አባት፣ እንዲሁም የአንድ ነገር ባለቤትና ኃላፊ ማለት ሲሆን፣ «ዱላ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደሉ ድምፅ ረዝሞ ሲነበብ ዘመቻ ማለት ነው።

አማርኛ የአናባቢን ርዝመት ስለማይለይ በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ይህ ቃል በትር ሆኖ ይሰማል። አማርኛ ራሱም አባ ወራ፣ አባ ጨጓሬ፣ አባ ሰንጋ እያለ «አባ»ን ከስሞች ፊት የመቀጠል ልማድ ስላለው፣ ነገሥታትና መኳንንትም አባ ዳኘው፣ አባ ጠቅል በሚሉ የፈረስ ስሞች ይጠሩ ስለነበር፣ አባዱላ «ባለ ዱላው» ተብሎ ቢተረጎም ለሰሚው ምንም አይጎረብጠውም። ስህተቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን የሚያጠፋው ነገር ብዙ ነው። ዱላ የሚለው የኦሮምኛ ቃል በአርሲ ምድር ከባድ ትዝታ ያለው ቃል ነው፤ በ1870ዎቹ ዓ.ም. የአርሲ ሕዝብ ራስ ዳርጌ የመሩትን የሸዋ ጦር ለዓመታት ተከላክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 አዙሌ ላይ በተደረገው ውጊያ በመሣሪያ ብልጫ እስኪሸነፍ ድረስ የዘመቻ መሪነት ሕይወትና ሞት የሚወሰንበት ኃላፊነት ነበር። በትርም በአርሲ የራሷ ስም አላት፤ «ኡሌ» ትባላለች፣ ያገባች ሴት በሠርጓ ቀን የምትቀበላት ቀጭን በትር ደግሞ ሲንቄ ናት። ሲንቄ የያዙ ሴቶች በሁለት ተፋላሚዎች መካከል ከቆሙ ፍልሚያው መቆም አለበት፣ የሚጥሳቸው የለም። እንግዲህ አማርኛው በትር ብሎ የሰማው ቃል በባለቤቶቹ ዘንድ ዘመቻ ነው፣ በባለቤቶቹ ዘንድ እውነተኛዋ በትር ደግሞ ዘመቻን የምታስቆም ናት። ቃሉን የሚጽፉ ሰዎች ይህንን ልዩነት ማስታወስ ይገባቸዋል፤ አንድን ማዕረግ ለሚኒባስ መስጠት በሕዝብ ዘንድ ያለ ልማድ ነው፣ ትርጉሙን መርሳት ግን አስፈላጊ አይደለም።

ሁለቱ ስሞች በአንድ መናኸሪያ ደጃፍ ሲገናኙ አካሄዳቸው ተቃራኒ ነው። አባዱላ ማዕረግ ነበር፣ የሰው ስም ሆነ፣ ከሰው ወደ መኪና ተሻገረ። ባጃጅ የሥራ መጠሪያ ነበረ፣ የቤተሰብ ስም ሆነ፣ የፋብሪካ ምልክት ሆነ፣ በመጨረሻም አሰላ ሲደርስ እንደገና የሥራ መጠሪያ ሆኗል፤ ዛሬ አንድ ወጣት «ምን ትሠራለህ?» ሲባል «ባጃጅ እነዳለሁ» ብሎ መመለሱ የተለመደ ነው፣ ያ መልስ በሩቁ የበዛዝን፣ ጨርቁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ገበያ ለገበያ የሚዞረውን ሰው፣ መልስ ይመስላል።

በክረምት፣ ጭላሎ በጉም ሲሸፈንና ዝናቡ ወደ ጎን ሲመታ፣ የባጃጅ ነጂዎች በሁለቱም ወገን የላስቲክ መጋረጃ ያወርዳሉ፤ ከውጭ የሚታየው የባጃጇ መብራትና ከኋላ የተጻፈባት ጽሑፍ ብቻ ይሆናል። ከላይ የፋብሪካው ስም አለ። ከሥሩ፣ ባለንብረቱ ቀለም ቀቢ ከፍሎ ያስጻፈው የልጁ ስም፣ የእናቱ ስም ወይም የሚወደው ቅዱስ ስም ይነበባል። መንገደኛው «የማን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያነበው የታችኛውን ነው።